የእናቴን ማሳ ለማስመለስ የተመላለስኩበት የወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት፦ አገልግሎቱን እንዴት አገኘሁት

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ካሉት የወረዳ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ከሰኔ 2010 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ድረስ ተመላልሻለሁ። የወሰደኝ ጉዳይ፣ እናቴ በእኩል እንዲያርሰው ለወንድሟ ልጅ የሰጠችው ሁለት ጥማድ መሬት፣ በሄክታር ሲሰላ ግማሽ ገደማ፣ የእሷ ይዞታ መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ማውጣትና ማሳውን ማስለቀቅ ነበር። ጽሕፈት ቤቱን በስም አልጠቅስም፤ የማነሳቸው ድክመቶች የእሱ ብቻ ናቸው ብዬ አላምንምና። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። መዝገቡ አስተማማኝ ነው፤ የመስክ ባለሙያዎቹም ሥራቸውን የሚያውቁና የማያዳሉ ናቸው። ነገር ግን ከቀበሌው ርቆ ለሚኖር ባለይዞታ የሚደረገው ጥንቃቄ እጅግ አነስተኛ ከመሆኑ የተነሳ፣ አንዲት ጎረቤት ባትደውልልን ኖሮ የእናቴ ማሳ ካርታ በሌላ ሰው ስም ይወጣ ነበር።

መሬቱ ለእናቴ የደረሳት በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው የመሬት ድልድል ነው። አባቴ ያረፈው ከዚያ ቀደም ብሎ ስለነበር፣ ራሷን ችላ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት ተብላ በስሟ ተመዘገበላት። በአማራ ክልል የመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ምዝገባ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ ሥራው ወደ ቀበሌያችንም ደረሰና፣ ፎቶግራፏ የተለጠፈበትን አረንጓዴ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በ1998 ዓ.ም. ተቀበለች። በ2003 ዓ.ም. ታማ እኔ ዘንድ አዲስ አበባ ስትመጣ ማሳውን ለወንድሟ ልጅ በእኩል ሰጠችው። ውሉ በጽሑፍ አልሰፈረም። እሱ «እትዬ» እያለ በእጇ ያደገ ልጅ ስለነበር፣ ከእሱ ወረቀት መጠየቅ ለእናቴ የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

ለሦስት ዓመት ያህል ድርሻዋ የሆነው ጤፍ አውድማው ሲነሳ፣ ጥር ላይ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣልን ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት በረዶ መታው ተባለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዘሩ ተበላሸ ተባለ። በ2008 ዓ.ም. በማሳው ዳር ቆርቆሮ ቤት መሥራቱንና ከቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፍ መትከሉን የሰማነው ለክርስትና ከአገር ቤት ከመጣ ሌላ ዘመድ ነው። እናቴ ደውላ ስትጠይቀው የሰጣት መልስ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል፤ ስልኩ ክፍት ስለነበር እኔም ሰምቼዋለሁ። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ከተማ ገብተዋል። መሬቱ የአያቴ ርስት ነው፣ ሌላ ሰው አልያዘብዎትም» አላት። እናቴ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ቀን በኋላም ስለ መሬቱ ጉዳይ ሌላ ሰው እንዲነጋገርላት እንጂ ራሷ ልትነጋገር አልፈለገችም።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ ስሄድ ጥያቄዬን ያቀረብኩት «የባለቤትነት ማረጋገጫ እፈልጋለሁ» ብዬ ነበር። በመስኮቱ በኩል የተቀበለችኝ ወጣት ባለሙያ በትሕትና አረመችኝ፤ በገጠር መሬት ላይ የግል ባለቤትነት የሚባል ነገር ስለሌለ፣ የሚጣራው ባለይዞታው ማን እንደሆነ ነው አለችኝ። ነገሩ የቃል ልዩነት ብቻ ይመስላል፤ የእኛን ክርክር ግን ከሥሩ የፈታው ይህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ የርስት መብት በዚያው ቀርቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን፣ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጎ፣ ለአርሶ አደሩ ከይዞታው ያለመነቀል ዋስትና ሰጥቷል። እንግዲህ የአጎቴ ልጅ የሚያነሳው የአያት ርስት ከዚህ ሁሉ በፊት የቀረ መብት ነው። ባለሙያዋ ይህን ካስረዳችኝ በኋላ «አያታችሁ ያረሱት ይሆናል፤ እኛ የምናየው ግን በ1989 ድልድል ለማን እንደደረሰና በመዝገብ የማን ስም እንዳለ ነው» አለችኝ። ለዚህ ማብራሪያ ገንዘብ አልተጠየቅኩም፤ አንድም ሰው በጉዳይ አስፈጻሚ በኩል ና አላለኝም። በዚህ ረገድ ጽሕፈት ቤቱን ያለ ምንም ቅሬታ አመሰግናለሁ።

በማግስቱ የባሕር መዝገቡ ወጣልኝ። ሁለት ክንድ በሚያህል የእንጨት መደርደሪያ ላይ በቀበሌ በቀበሌ ተለይቶ የተቀመጠ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የተበላ ትልቅ መዝገብ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ገጹን ሲገልጥ የእናቴን ስም በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ አየሁት። ከስሟ ግርጌ የማሳዎቿ ዝርዝር አለ፤ የእኛው ማሳ «ዋንዛ ሥር» በሚለው መጠሪያው ሰፍሯል፤ መጠኑ፣ የአፈሩ ለምነት ደረጃ፣ ቀጥሎም አራቱ አዋሳኞች፦ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ የአንድ ካህን ይዞታ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ ደግሞ በኋላ ስልክ የደወለችልን ጎረቤት። ገጹ ታችኛው ጥግ ላይ ውኃ ነክቶት ስለነበር የአንዱ አዋሳኝ ስም ግማሹ ደብዝዟል። ሠራተኛው የደበዘዘውን ስም በግምት አንብቦ ሊያልፈው አልፈለገም፤ የእናቴን አረንጓዴ ደብተር ጠይቆኝ ከመዝገቡ ጋር ቃል በቃል አስተያየና ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ነው ግልባጩን ያዘጋጀልኝ። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ በሌሎች ቢሮዎች ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ከመዝገቡ ቀጥሎ ያገዘን ያልጠበቅነው ማስረጃ ነው። የአጎቴ ልጅ በክርክሩ ሁሉ ደጋግሞ ያነሳ የነበረው ነጥብ «ግብሩን ስከፍል የኖርኩት እኔ ነኝ» የሚል ነበር። እውነቱን ነው፤ ገንዘቡን ወስዶ ለቀበሌው የሚከፍለው እሱ ነው። ነገር ግን የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ግብር ደረሰኝ የሚቆረጠው በመዝገብ ባለው ባለይዞታ ስም ስለሆነ፣ እሱ በኩራት ያቀረባቸው የሰባት ዓመት ደረሰኞች በሙሉ የእናቴን ስም የያዙ ሆነው ተገኙ። እናቴ አካባቢውን ለቃ ጠፍታለች የሚለው ክርክሩም በእነዚሁ ደረሰኞች ወደቀ፤ መሬቷን በእኩል ሰጥታ በስሟ ግብር የሚከፈልላት ባለይዞታ፣ ያለ አድራሻና ያለ ወኪል ለዓመታት ከጠፋ ሰው ጋር የምትቆጠርበት ምክንያት የለም። በእኩል ወይም በኪራይ መሬቱን ለሰጠ ሁሉ የምመክረው፣ ደረሰኞቹን በየዓመቱ ፎቶግራፍ ተነስተው እንዲላኩለት እንዲጠይቅ ነው። አራሹ በቅንነት የሚሠራ ከሆነ ይህን መጠየቅ አያስቀይመውም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። በእነዚያ ዓመታት በቀበሌያችን የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ይካሄድ ነበር። ይህ ምዝገባ ከአየር በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ እያንዳንዱን ማሳ ወሰኑን እያሳዩ የሚለኩበት፣ ለየማሳው መለያ ቁጥርና ካርታ የሚሰጥበት ነው፤ በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልሎች 14 ሚሊዮን ማሳዎችን ለመመዝገብ ታስቦ የተጀመረው መርሐ ግብርም ይሠራ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። አሠራሩ በራሱ መልካም ነው። አረንጓዴው ደብተር አዋሳኞቹን በስም ብቻ ሲነግር፣ አዲሱ ካርታ የማሳውን ቅርጽ ስለሚያሳይ፣ ድንበር ገፍቶ የሚያርስ ሰው በቀላሉ ይታወቃል። ችግሩ በልኬታው ቀን በማሳው ላይ ቆሞ ወሰኑን የሚያሳየው ሰው በቦታው የተገኘው ሰው መሆኑ ነው። በእኛ ማሳ ላይ የተገኘው የአጎቴ ልጅ ነበር። «የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የራሱን ስም አስመዘገበ፤ የመስክ ቡድኑም በዚያ ሰዓት የድሮውን መዝገብ በእጁ አልያዘም ነበር።

ያዳነን የሕዝብ ማሳያው ነው። ከልኬታው በኋላ የማሳዎቹ ካርታና የባለይዞታዎቹ ስም ዝርዝር በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ ተለጥፎ፣ ቅሬታ ያለው ሰው እንዲያቀርብ ይጋበዛል። በደቡብ በኩል የምታዋስነን ጎረቤት የራሷን ማሳ ለማየት ሄዳ ሳለ፣ ከእሷ ቀጥሎ ባለው ማሳ ላይ የእናቴ ስም እንደሌለ አስተዋለች። ማንበብ የማትችል ሴት ናት፤ ስሙን ያነበበላት የልጅ ልጇ ነው። እዚያው ቆማ ለባለሙያው «ይህ የእሷ መሬት ነው፤ ጽፋችሁ ያዙልኝ» ብላ አሻራዋን አኑራ ቅሬታ አስመዘገበች፤ ማታውኑም ለእኛ ደወለች። በዚህ አንድ አሻራ ምክንያት ማሳው «ክርክር ያለበት» ተብሎ ተለየና ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ለማንም የይዞታ ማረጋገጫ እንዳይሰጥበት ተደረገ። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች ይህን በማክበራቸው ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም የእናቴ ስልክ ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ ፋይል ውስጥ ተጽፎ እያለ፣ ልኬታ ሊካሄድ ነው ወይም ዝርዝር ተለጥፏል ብሎ የነገረን የመንግሥት ሠራተኛ አንድም አልነበረም። ማስታወቂያው የተነገረው በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ነው፤ ይህ በቀበሌው ለሚኖር ሰው በቂ ሊሆን ይችላል። በሕመም፣ በትዳር ወይም በሥራ ምክንያት ከቀበሌው ርቀው ላሉት፣ በተለይም መሬታቸውን ለዘመድ አደራ ሰጥተው ለወጡ መበለቶችና አረጋውያን ግን አይደርሳቸውም። መሬታቸው ለመወሰድ የቀረበው ደግሞ የእነዚህ ሰዎች ነው። ይህን ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በቃልም በጽሑፍም ነግሬያለሁ፤ የተሰጠኝ መልስ የበጀትና የሰው ኃይል እጥረት መኖሩን የሚገልጽ ነበር። እጥረቱ እውነት ነው፤ ቢሆንም አዲሱን ዝርዝር ከመለጠፉ በፊት ከባሕር መዝገቡ ጋር ማስተያየትና የባለይዞታ ስም በተለወጠባቸው ማሳዎች ላይ ብቻ ስልክ መደወል፣ ለአንድ ቀበሌ ከጥቂት ቀናት በላይ የሚወስድ ሥራ አይመስለኝም።

የመስክ ማጣራቱ የተካሄደው ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። አንድ የወረዳ ባለሙያ፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ አባላትና አዋሳኞቹ በማሳው ላይ ተሰበሰቡ፤ እኔም ከእናቴ በሕጋዊ ውክልና ቀርቤአለሁ። ባለሙያው በመጀመሪያ የአጎቴን ልጅ፣ ቀጥሎ እኔን፣ በመጨረሻ አዋሳኞቹን ለየብቻ አናገረ። ካህኑ በምዕራብ በኩል ያለውን የድንበር ድንጋይ ረግጠው «ይህን ድንጋይ በድልድሉ ጊዜ እኔና የእሷ ወንድም ነን የቀበርነው» ሲሉ፣ የአጎቴ ልጅ አንገቱን ደፋ፤ ምክንያቱም ካህኑ የጠቀሱት ወንድም የገዛ አባቱ ነው። አባቱ በሕይወት በነበሩበት ጊዜ መሬቱ የእህታቸው መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም። ባለሙያው ቃለ ጉባኤውን በዚያው ቦታ ጽፎ፣ ጮክ ብሎ አንብቦ፣ ሁላችንንም አስፈረመን።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሽማግሌዎች ሄደ። በወቅቱ በሥራ ላይ የነበረው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997፣ የይዞታ ክርክር በቅድሚያ በተከራካሪዎቹ ውይይትና ስምምነት እንዲፈታ ጥረት እንዲደረግ፣ ካልሆነም ራሳቸው በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ወይም በክልሉ ሕግ መሠረት እንዲወሰን ያዝዛል፤ ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። ሽምግልናውን በተመለከተ ብዙ ልጽፍ እችላለሁ፤ የሽማግሌዎቹ ትዕግሥት ከልቤ አይጠፋም። መሬቱ የእናቴ መሆኑን በአንድ ስብሰባ ጨረሱት። ሁለት ቀን የፈጀባቸው ባሕር ዛፉ ነው። ዛፉን የተከለው እሱ ነው፤ በራሱ ጉልበት የተከለውንና የሠራውን ንብረት እንዲያው ይቀማ ማለት ደግሞ ሕጉም ሕሊናም የሚቀበለው አይደለም። በሌላ በኩል ዛፉ በቆመ ቁጥር መሬቱ ይዳከማል፤ በእኩል የተሰጠ የጤፍ ማሳ ላይ ባለይዞታዋን ሳያስፈቅዱ ዛፍ መትከል ከመጀመሪያውም አይገባም። በመጨረሻ ለቋሚ የደረሰውን ቆርጦ እንዲወስድ፣ ጉቶውን እንዲነቅል፣ የቆርቆሮ ቤቱን ነቅሎ በአባቱ ይዞታ ላይ እንዲሠራ፣ ለዚህም እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ እንዲሰጠው ተስማማን። እናቴ በስልክ ስትጠየቅ የቤት ማፍረሻና ማጓጓዣ ወጪውን በግማሽ እችላለሁ አለች።

መጋቢት አለቀ፤ ዛፉም ቤቱም አልተነሳም። ሚያዝያ ላይ ለወረዳው ፍርድ ቤት ክስ አቀረብኩ። ክሱን ያዘጋጁልኝ ጠበቃ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ በኃይል ይዞታን ለተነጠቀ ወይም ለተረበሸ ሰው የሚያገለግልና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ያለበት መሆኑን፣ የእኛ ተከሳሽ ግን በእናቴ ፈቃድ የገባ ስለሆነ ይዞታውን እንዲለቅ መጠየቁ እንደሚሻል አስረዱኝ። ብዙ ሰው ሁለቱን ክሶች አደባልቆ ስለሚያቀርብ ይህን መጥቀሱ ተገቢ መሰለኝ። ፍርድ ቤቱ ማሳው በማን ስም እንደተመዘገበ ከጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ጠየቀ። ምላሹ የሁለት መስመር ጽሑፍ ሆኖ ሳለ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፣ በሁለተኛው ደብዳቤው ወጪ ሆኗል ተብሎ መዝገብ ቤት ውስጥ ጠፋ፣ በሦስተኛው እንደገና ተጻፈ። በዚህ ምክንያት አንድ ቀጠሮ አለፈብን። ከአዲስ አበባ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደብዳቤው ሲደርስ ግን የተሟላ ነበር፤ የባሕር መዝገቡን ገጽ፣ የመስክ ማጣራቱን ቃለ ጉባኤና የሕዝብ ማሳያውን ቅሬታ አያይዞ ስለመጣ፣ ዳኛው ተጨማሪ ምስክር መስማት ሳያስፈልጋቸው በሰኔ ወር ማሳው እንዲለቀቅ ወሰኑ። የአጎቴ ልጅ ይግባኝ አላለም። ክረምቱ ሳይገባ ዛፉን ቆረጠ፤ እናቴም ቃሏን ጠብቃ የማጓጓዣውን ግማሽ ላከችለት።

የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫው በእናቴ ስም የተሰጠን ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ነው። ስትረከብ ራሷ መገኘት እንዳለባት ስለተነገረን በሕመሟ ላይ ይዣት ሄድኩ። ባለሙያዋ፣ ያችው በመስኮቱ የተቀበለችኝ ወጣት፣ እናቴን ወንበር ሰጥታ ካስቀመጠች በኋላ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ መንገዱን፣ ወንዙንና ዋንዛውን በጣቷ እያሳየች አስረዳቻት። እናቴ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ካየች በኋላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በደቡብ በኩል ያለችው ጎረቤቷ ስም መኖሩን። አለ ተባለች።

ወደ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ቤት ለምትሄዱ፣ የአረንጓዴውን ደብተር ዋናና ግልባጭ፣ የግብር ደረሰኞችን፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልናን እንዲሁም የአዋሳኞቹን ሙሉ ስም ይዛችሁ ሂዱ፤ የተቻለ እንደሆነ ሰኞና ዓርብን ተዉት፣ ኃላፊዎቹ የሚገኙት በአብዛኛው በመካከሉ ባሉት ቀናት ነው። በመሬታችሁ ላይ ልኬታ እንደሚካሄድ ከሰማችሁ ደግሞ ምንም ቢሆን በአካል ወይም በወኪል ተገኙ።

የባሕር መዝገቡን ያን ውኃ የነካውን ገጽ በተመለከተ፣ ከመጥፋቱ በፊት እንዲገለበጥና ከእሱ ጋር የሚነካኩት የሌሎች ባለይዞታዎች ገጾችም እንዲታዩ የሚጠይቅ ማመልከቻ ካርታውን በተረከብንበት ቀን አስገብቻለሁ። ማመልከቻው ገቢ መሆኑን የሚያሳየው ቁጥር በእጄ አለ፤ መልሱ ግን እስካሁን አልደረሰኝም።